ሁለት ቴራ ብሎን

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ብሎን ከነዳዶዋ ተቀምጣለች። ጋራዥ የሚሠራ ሰው ቢያያት "ይቺማ የወንበር ናት" ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ 1,800 ብር ከፍዬ ነው ያመጣኋት። ስገዛት ብሎን መሆኗን አላወቅሁም። በሚያብረቀርቅ ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ደግሞ "2 ቴራ" የሚል በትልቁ ተጽፏል።

"ኦሪጅናል ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ ኦሪጅናል ባይሆን ለእርስዎ እሸጣለሁ?" አለኝ ልጁ።

እዚያው ላይ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ገጸ ባሕርይ አንድ የደበቀው ነገር እንዳለ ለተማሪ ስተነትን ኖሬያለሁ። ለራሴ ሲሆን ትንታኔው የት እንደገባ እንጃ! ልጁ "ጋሼ" ሲለኝ ልቤ ራራና ከፈልኩ።

ዕቃው የእኔ አልነበረም። ጊምቢቹ ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ዛሬ እርሱም የልጆች አባትና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኗል። ጊምቢቹን ለማታውቁ፣ በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና አለፍ ብላ የምትገኝ፣ ከእንሰት ማሳ መሃል ብቅ ያለች፣ "ልጄ ደቡብ አፍሪካ ነው" የማይል ወላጅ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግርባት ከተማ። ወዳጄ እዚያ ተቀምጦ የሽማግሌና የአሮጊት ቃል ይሰበስባል። የያሆዴ ዘፈን፣ የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ ተረት፣ እርቅ ሲወርድ የሚባለውን ሁሉ፣ በሀዲይኛ፣ በስልኩ ይቀዳል። ማንም አልላከውም፤ ማንም አበል አልከፈለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ እየሄደ፣ ለሽማግሌዎቹ ስኳርና ቡና ይዞ፣ ዓመታት ፈጅቶ ሰበሰበ። ከዚያ አንድ ቀን ደወለልኝና "መምህር፣ ላፕቶፔ ሞላብኝ። አዲስ አበባ ርካሽ የሆነ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ካለ ይፈልጉልኝ" አለኝ።

ርካሽ የሆነ፣ ትልቅ። የዚህ ጽሑፍ ተከሳሾች እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው። ሲጋቡ ያጨበጨብነው እኛ ደግሞ ግብረ አበር ነን።

ዕቃውን በሰው ላክሁለት። እርሱም ያለውን ሁሉ ገለበጠ። ስሞቹ ተራ በተራ ሲገቡ ዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ላፕቶፑ በጣም ቀርፎ ስለነበር ለባለሙያ ሰጥቶ ፎርማት አስደረገው። የስልኩንም ሜሞሪ አጽድቶ ለአዲስ ቅጂ አዘጋጀ። ሦስት ወር አለፈ። በጥር አንድ አዛውንት አረፉ፤ ወዳጄ ሁለት ሙሉ ቀን የቀዳቸው ሰው ናቸው። ደርባን ያለው ልጃቸው ለቀብር መድረስ አልቻለም። ለወዳጄ ጻፈለት፤ "የአባባን ድምፅ ቀድተሃል አሉ። ላክልኝ።"

ወዳጄ ብሎኗን ሰካ። የአዛውንቱ ስም አለ፤ የተቀዱበት ቀን አለ፤ ርዝመቱም ሳይቀር ተጽፏል። ሲከፍተው ድምፅ የለም። የሚቀጥለውን ከፈተ፤ የለም። አገራችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትላለች፤ እነሆ ዋለ፤ ስሙ ብቻ! በትክክል የሚከፈተው መጀመሪያ የገለበጠው ነበር፤ የወንድሙ ሠርግ ቪዲዮና ጓደኞቹ የጫኑለት የሕንድ ፊልሞች። ከሦስት መቶ ሰዓት በላይ የሽማግሌ ድምፅ ሄዶ ፊልሙ ተረፈ።

እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። ማንኛውም ማስቀመጫ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያደርገው ስለራሱ መመስከር ነው፤ "እኔ ይህን ያህል እይዛለሁ" ይላል። ላፕቶፑም ያምነዋል፤ የሚያጣራበት ምክንያት የለውም። አጭበርባሪዎቹ የሚነኩት ይቺን ምስክርነት ነው። ሳጥኑን ፈልፍለን ስናየው የስልክ ሜሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፎበታል፤ 64 ጊጋ። 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ተሞልቷል። ሳጥኑ በእጅ ሲያዝ ቀልሎ እንዳያስነቅፍ ደግሞ ይቺ ብሎን ከጎኑ ተጣብቃለች። እስከ 64 ጊጋ ድረስ በሐቅ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወይ በቀድሞው ላይ ይደርበዋል ወይ የትም ይበትነዋል፤ "ተቀብያለሁ" ማለቱን ግን አያቆምም፤ የስም ዝርዝሩንም በደንብ ይይዛል። ይህ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም፤ በዓለም ገበያ ሁሉ የሚሸጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ይቺኛዋ ላም ወተቷን ታለበች ብላ ደረሰኝ መስጠቷ ነው።

"ታዲያ ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ማስመለስ አይቻልም ወይ?" ብለን ባለሙያ ጠየቅን። የወዳጄ ላፕቶፕ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ሳይሆን አዲሱ ኤስኤስዲ ነበረበት። ይህ ዓይነቱ የተሰረዘን ነገር ራሱ ከሥር ከሥር እየጠረገ ቦታ ያዘጋጃል። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ተስፋ ይኖር ነበር። ፍጥነትን ስትገዙ ከእርሷ ጋር ይህንንም እንደምትገዙ የሚነግራችሁ ሻጭ የለም።

ነጋዴውን እዚህ ላይ አውርጄ ብደበድበው ደስ ይላችሁ ነበር። አልደክምበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሱቁ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ግን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም" ይላል፤ አገር የሚገዛው ያ ወረቀት ነው። ደግሞስ ገንዘቡ ቢመለስልኝ ምን ሊሆን? 1,800 ብሩን ደርባን ልላከው?

እኔ የማልምረው ራሴንና ብጤዎቼን ነው። እስቲ የዚያን ጥቅምት ነገር አስቡት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ዘይቱም፣ ስልኩም፣ መድኃኒቱም ወደ ላይ ሲተኮስ ሁለት ቴራ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ ሲጠብቀኝ እንዴት አልጠረጠርኩም? ሐቀኛው ዕቃ እዚያው ጎረቤት ሱቅ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ሁለቱንም አየሁ። "የንግድ ምልክቱን ነው የሚያስከፍሉን" አልኩ፤ የተማረ ሰው ለስስቱ የሚሰጠው ስም አያጣም።

መሥሪያ ቤቶቻችንም ከእኔ አይሻሉም። ጨረታ ይወጣል፤ "መጠኑ ይህን ያህል ጊጋ፣ ብዛቱ ይህን ያህል" ይባላል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ዕቃው ሲመጣ የንብረት ክፍሉ ሳጥን ይቆጥራል። ሃያ ሳጥን፤ ትክክል! ውስጡ እውነት የተባለውን ያህል ይይዝ እንደሆን የሚፈትሽ የለም፤ ሃርድ ዲስክ እንደ ወንበር ነው የሚቆጠረው። እህል ስንገዛ እፍኝ አንሥተን፣ አሽትተን፣ በጥርሳችን ሰብረን እናያለን። የአገር መዝገብ የሚቀመጥበትን ግን በተጻፈበት ቁጥር አምነን እንረከባለን።

"አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ውዱን ግዙ ማለት ይቀልሃል፤ የመምህር ደመወዝ ታውቃለህ?" የሚለኝ አለ። ይህን የሚለኝ ሰው እውነት አለው፤ እኔም ስለዚያ ደመወዝ ምስክር ነኝ። ግን እስቲ አብረን እንቁጠር። ተራ የስልክ ቅጂ፣ 128 ኪሎቢት በሚባለው ጥራት፣ አንድ ሰዓቱ 58 ሜጋ ባይት ቢሆን ነው። ሦስት መቶ ሰዓት ማለት 18 ጊጋ እንኳ አይሞላም! ዓመታት ሙሉ የተለፋበት የሶሮ ሽማግሌዎች ቃል በሙሉ አንድ ሐቀኛ 32 ጊጋ ፍላሽ ውስጥ ተንጣሎ ይተኛ ነበር። ሌላ ሐቀኛ 32 ጊጋ ሲጨመር ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ይኖረው ነበር። ጎግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋ ውስጥ እንኳ አብዛኛው ይገባል፤ ጥቅል እየገዙ፣ ኔትዎርክ በሚሠራበት ሌሊት በትንሽ በትንሹ መስቀል ነው። ቴሌግራምን ለቀልድ ብቻ የፈጠሩት የሚመስለን ሰዎችም እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል በነፃ እንደሚያስቀምጥ እንወቅ። ላፕቶፑን የሞላው ሽማግሌዎቹ አልነበሩም። ቪዲዮ ነው የሞላው፤ በስልክ የተቀዳ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ሰባት ስምንት ጊጋ ይበላል። ፊልሞቹ ደግሞ አሉ።

ስለዚህ ወዳጄ ሲደውልልኝ "ርካሽ የት አለ?" ብዬ ወደ መርካቶ ከመሮጤ በፊት "ምኑን ነው የምታስቀምጠው? ምኑ ቢጠፋ ታለቅሳለህ?" ልለው ይገባ ነበር። የምታለቅስለት ነገር ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለእርሱ ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ ግዛ፤ ሁለት ግዛ። ፊልሙን እንደፈለግህ አድርገው። ይህን ለማለት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልግም፤ ትንሽ መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ አልጠየቅሁም፤ ቁጥሩ አስክሮኝ ነበር።

እውነት ብዙ ቦታ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ሠርግ የሚቀርፀው፣ ሬዲዮ የሚሠራው፣ የመዝሙር ስቱዲዮ የከፈተው። ለእርሱ ዛሬም በብሩ ልክ ብዙ የሚይዝለት የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ይጮኻል፣ ይዘገያል፣ ከጠረጴዛ ከወደቀ አበቃ፤ ሆኖም ለማኖሪያ ይበጃል። በዓለም ላይ ይህን የሚሠሩ የቀሩት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ሳምሰንግ የሃርድ ዲስክ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሲጌት ሸጧል፤ ዛሬ ሳምሰንግ የሚሠራው ኤስኤስዲ ነው። "አዲስ የሳምሰንግ ሃርድ ዲስክ" የሚላችሁ ሻጭ ካለ ወይ አላወቀም ወይ አውቆ ነው። ስም መኖሩም ብቻውን አያድንም፤ ጥር 2017 ወዳጄ ብሎኗን በሰካበት ወር ጀርመን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ እየተመለሰ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸው ነበር። ጀርመን! ኤስኤስዲውን ደግሞ ዊንዶውሱ እንዲሮጥላችሁ ላፕቶፑ ውስጥ አድርጉት፤ 256 ጊጋ ብዙ ሰው ይበቃዋል። ሞልቶ ለዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ መሳቢያ ውስጥ የሚቀበር ዕቃ ግን አይደለም። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህም ትልልቆቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ቺፑን እየጠራረጉት ዋጋው በዓለም ሁሉ ስለናረ፣ በዚህ ወቅት "ባለ 16 ቴራ ኤስኤስዲ በሁለት ሺህ ብር" የሚል ሰው ካገኛችሁ ብሎኑ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠይቁት።

ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን አስከፍታችሁ እዩ። ለአሮጌዎቹ የሚሆነው ሃርድ ዲስክ ውፍረቱ 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር የሆነውን ትልቅ ገዝቶ ክዳኑ አልዘጋ ያለው ሰው አውቃለሁ። እንደ ማስቲካ ቀጠን ያለችው አዲሷ ደግሞ መልኳ አንድ ሆኖ አነጋገሯ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ የሚባለውን የሚቀበል ቦታ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ላይቀበል ይችላል። አንድ ቴራ ገዝታችሁ ላፕቶፑ 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳያችሁ ግን ከሻጩ ጋር አትጣሉ። ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል፤ የጎደለ ነገር የለም። ሐቀኛው ዕቃ እንዲህ አንሶ ይታያል፤ የእኔዋ ብሎን ግን ድፍን ሁለት ቴራ ነኝ ብላ ነበር የቀረበችው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳትፈትኑ አትመኑ። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልታ መልሳ እያነበበች የጻፈችው ሁሉ መኖሩን ታጣራለች። ትዕግሥት ይጠይቃል። በአሮጌው ዩኤስቢ ሁለት ቴራ ለመሙላት ብቻ ወደ 18 ሰዓት ሊሄድ ነው፤ መልሶ ማንበቡ ሌላ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና። የእኔን ግን ለማጋለጥ 64 ጊጋ ማለፍ ብቻ ነበር የሚበቃው። አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀም ነበር።

አንድ ሌሊት!

የሚያናድደኝ ጊምቢቹ ውስጥ ማስቀመጥን የሚያውቅ ሰው ያልጠፋ መሆኑ ነው። እንሰት የሚፍቁትን እናቶች ሄዳችሁ እዩ። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ወራት ይቀመጣል፤ ከዚያም በላይ። ቀብረው ግን አይረሱትም። በየጊዜው ይከፍታሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ያረጀውን ቅጠል አንሥተው አዲስ ያለብሳሉ። አቅም ያላት ጉድጓዷ ከአንድ በላይ ነው። እኛ ዲግሪ የጫንን ግን ጉድጓዱን በቁጥሩ ገዝተን፣ ያለንን ሁሉ አንድ ላይ ጨምረን፣ ሦስት ወር ክዳኑን ሳንነካ እንከርማለን። ከዚያ ቴክኖሎጂ ከዳን እንላለን።

የብራና መጻሕፍቶቻችንም ቢሆኑ የተረፉት ብራና ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ስለገለበጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ሲያነሣ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል አስቀመጠ። ቦታ ተርፏቸው አልነበረም። የሀዲያን ታሪክ ከሽማግሌዎች አንደበት እየቀዳ የጻፈው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውካምፐር መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተመ፤ በ2012 በእንግሊዝኛ ወጣ። የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ቃል ከባሕር ማዶ በወረቀት ቆየ። የዚህ ዘመን ሽማግሌዎች ቃል እዚያው አገሩ ላይ፣ በገዛ ልጁ እጅ፣ በእኔ ስጦታ ጠፋ።

አንድ የቆየ ኃጢአቴንም ልናገርና ላብቃ። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የተማሪዎቼን የቃል ግጥም ስብስብ "በሶፍት ኮፒ አምጡ፣ ወረቀቱ ቦታ ይይዝብኛል" እያልኩ ባለ 1.44 ሜጋ ባይት ፍሎፒ አስመጣ ነበር። ዘመናዊ መሆኔ ነበር። ዛሬ ፍሎፒዎቹ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፤ ብዙዎቹ አይከፈቱም፤ የሚያነባቸው መሣሪያም ስንት ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ትእዛዜን እምቢ ብለው በወረቀት ያስገቡት ሰነፎች ሥራ ግን አሁንም ይነበባል።

ወዳጄ አልተቀየመኝም፤ ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ትንንሽ ሐቀኛ ዲስኮች ገዝተን ሁለቱንም እስከ አፋቸው ፈተንናቸው፤ አንዱ ጊምቢቹ እርሱ ዘንድ፣ አንዱ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ነው። በየሦስት ወሩ ከፍተን ከየመሃሉ አንዳንድ ቅጂ እንሰማለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደገና መሄድ ጀምሯል። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች "ነግሬህ አልነበር እንዴ? የዚያን ጊዜውን ምን አደረግኸው?" ይሉታል። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ደግመው ሊነግሩት የማይችሉም አሉ።

ደርባን ላለው ልጅ ምን ብሎ እንደመለሰለት እስካሁን አልጠየቅሁትም።